አምስት ቀን ቀረኝ፤ ልተወው ወይስ ልግባበት?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው። ለማስተርስ ትምህርት አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና መፈተን አለብኝ። የምፈልገው ትምህርት ቤት በአጠቃላይ 6.5 ይጠይቃል፤ ከአራቱ ክፍሎች አንዱም ከ6 በታች መሆን የለበትም። የዛሬ ሰባት ወር ተፈትኜ ሪዲንግ (ንባብ) 6.5፣ ራይቲንግ (ጽሑፍ) 6፣ ስፒኪንግ (ንግግር) 6 አመጣሁ። ሊስኒንግ (ማዳመጥ) 5.5 ሆነብኝ። አጠቃላዩ 6። የሚገርመው ሊስኒንግ የምተማመንበት ነበር። ቤት ስለማመድ ከ40ው ጥያቄ 30፣ አንዳንዴ 31 አገኛለሁ።

ያን ቀን የሆነውን ልንገርዎት። ሌሊቱ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ጠዋት እናቴ፣ አክስቴና ታላቅ ወንድሜ በየተራ ደወሉ። ስደርስ በሩ ሊዘጋ ትንሽ ነበር የቀረው። ሊስኒንጉ ላይ 14ኛው ጥያቄ አመለጠኝ። እሱን ሳብሰለስል 15ም 16ም አለፉ። ስባንን ሰውየው ሌላ ነገር ያወራል። መልሱን ወደ መልስ መስጫው ወረቀት ስገለብጥ ደግሞ አንድ ቁጥር ዘልዬ ኖሯል። ያየሁት ጊዜው ሊያልቅ ሲል ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ አጥፍቼ ስጽፍ ግማሹ ሳይስተካከል ተሰበሰበ።

አሁን አምስት ቀን ቀረኝ። የአሁኑ ፈተና በኮምፒውተር ነው። የከፈለልኝ ወንድሜ ነው። "እስከ መጨረሻዋ ሌሊት ቃላት አጥኚ" ብሎ በየቀኑ 50 ቃል ይልክልኛል። እኔ ግን የማውቀውም እየጠፋብኝ ነው። ትናንት የምዝገባውን ኢሜይል ከፍቼ "ሰርዙልኝ" ብዬ ልጽፍ ነበር። ልተወው? ወይስ ልግባበት? ከገባሁስ ያ ቀን እንዳይደገም ምን ላድርግ?

ቀኑ የቀረበባት

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ነበር። እስቲ አብረን እንደምር።

6.5፣ 6፣ 6 እና 5.5 ሲደመሩ 24 ናቸው። ለአራት ሲካፈል 6። አሁን ሊስኒንጉን ብቻ 6.5 አድርጊውና ሌላውን ባለበት ተይው። ድምሩ 25፣ ለአራት ሲካፈል 6.25። በአይልትስ አሠራር አማካዩ በ0.25 ካለቀ ወደ ላይ፣ ወደሚቀጥለው ግማሽ ነው የሚጠጋው። ስለዚህ 6.25 በወረቀትሽ ላይ 6.5 ሆኖ ይወጣል። ከ6 በታች የሆነ ክፍልም አይኖርሽም። በቃ፣ የተጠየቅሽው ይኸው ነው።

ሌላም ቁጥር ልጨምርልሽ። በሊስኒንግ ከ40ው 23 አካባቢ ያገኘ ሰው 6 ይሰጠዋል። 30 አካባቢ ያገኘ 7። 6.5 በመሃላቸው ነው። አንቺ ቤት ውስጥ 30 እያገኘሽ ነው። ታዲያ በዚህ አምስት ቀን የሚሠራው ሥራ እንግሊዝኛሽ ላይ ነው ወይስ ያ ቀን ላይ? እኔ ከደብዳቤሽ ያነበብኩት ቋንቋ ያነሳት ልጅ ሳይሆን ቀን የጠመመባት ልጅ ነው። ሌሎቹ ሦስቱ ባሉበት ይቆማሉ ብዬ ግን ልማልልሽ አልችልም። ግማሽ ነጥብ ወዲያና ወዲህ ማለት በፈተና ያለ ነው።

እና ልተወው ወይ ላልሽው፣ እኔ ብሆን እገባበታለሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለራስሽ ያዥው። ኢሜይሉን ከፍተሽ "ሰርዙልኝ" ልትይ ስትይ የፈራሽው ምኑን ነው? ፈተናውን ነው ወይስ ከፈተናው በኋላ የሚመጡትን ስልኮች? ፈተናውን ከሆነ ልምምድ ይፈታዋል። ስልኮቹን ከሆነ ግን ቀኑን ብታራዝሚውም ስልኮቹ አብረውሽ ይራዘማሉ። ደግሞ አምስት ቀን ሲቀር መሰረዝ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን አይመልስም። ከመጻፍሽ በፊት የተመዘገብሽበትን ውል አንብቢ። ከታመምሽ ነገሩ ሌላ ነው፤ የሐኪም ማስረጃ ይዘሽ ቶሎ ለማዕከሉ ማሳወቅ ነው።

ልብሽ ትንሽ እንዲያርፍ አንድ መውጫ ላሳይሽ። በኮምፒውተር ለሚፈተኑ ሰዎች ከአራቱ አንዱን ክፍል ብቻ ድጋሚ መፈተን የሚቻልበት አሠራር አለ። ከዋናው ፈተና በ60 ቀን ውስጥ መሆን አለበት። ሁሉም ማዕከል ግን አይሰጠውም፤ ሁሉም ትምህርት ቤትም አይቀበለውም። ስለዚህ ሁለት አጭር ኢሜይል ጻፊ፤ አንዱን ለማዕከሉ፣ ሌላውን ለምታመለክቺበት ትምህርት ቤት። "አንድ ክፍል ብቻ ቢጎድለኝ ይህን ትቀበላላችሁ?" በይ። "ሰርዙልኝ" ለማለት ከፍተሽው የነበረውን ኢሜይል ለዚህ ተጠቀሚበት።

አሁን ወደ 14ኛው ጥያቄ እንሂድ። ውጤትሽ የተበላው እዚያ ነው።

ሊስኒንግ አራት ክፍል አለው፤ በየክፍሉ 10 ጥያቄ። ድምፁ አንዴ ብቻ ነው የሚሰማው። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ነገር ነው፤ ጥያቄዎቹ የሚሄዱት በንግግሩ ቅደም ተከተል ነው። 14ን እየጠበቅሽ የ15 መልስ ከተሰማ 14 አልፏል ማለት ነው። የፈሰሰ ውሃ ነው፤ አይታፈስም። በዚያች ሰከንድ ያጣሽው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ቀጥሎ ያጣሻቸውን ግን 14 አልወሰደብሽም። ኀዘኑ ነው የወሰደብሽ።

ኀዘኑን ማስቀረት ደግሞ በልምምድ ይመጣል። ነገ ስትለማመጂ እንዲህ አድርጊ። ድምፁን ከመክፈትሽ በፊት በየክፍሉ አንድ ጥያቄ ምረጪና ሆን ብለሽ ጣይው። 7ን፣ 14ን፣ 26ን፣ 35ን በይ። መልሱን ብትሰሚውም አትጻፊው። ዓይንሽን ወደሚቀጥለው አሻግሪና እሱን ያዢ። የመጀመሪያው ቀን ጣትሽ ይበላሻል፤ የሰሙትን አለመጻፍ ያማል። በሁለተኛው ቀን ግን አእምሮሽ አንድ ነገር ይለምዳል፦ ጥያቄ ጥሎ መሄድ እንደሚቻል። አራት ጥያቄ ጥለሽም ብትቆጥሪው 26፣ 27 ታገኛለሽ። የሚበቃሽ እኮ እሱ ነው!

ሌላው ልማድ ሁለት ጥያቄ አብሮ ማየት ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል በፊት ጥያቄዎቹን የምታነቢበት ጊዜ ይሰጥሻል። ያኔ ከየጥያቄው አንድ የማይለወጥ ቃል ምረጪ፤ ስም፣ ቦታ፣ ዓመተ ምህረት የመሰለ ነገር። 14 ላይ ሆነሽ የ15ን ቃል በጆሮሽ ጠብቂው። ብትጠፊ እንኳ እሱ ሲጠራ መንገድሽን ታገኛለሽ። አራተኛው ክፍል ላይ ይህ በጣም ያስፈልግሻል፤ አንድ ሰው ያለ እረፍት ሌክቸር የሚሰጥበት ነው።

ባዶ ቦታ ደግሞ እንዳትተዪ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። የጣልሻትን 14ን መጨረሻ ላይ ገምተሽም ቢሆን ሙዪያት።

መልስ የመገልበጡ ጣጣ በዚህኛው ፈተና አይመለከትሽም። በኮምፒውተር ስትፈተኚ እየሰማሽ እዚያው ነው የምትጽፊው። ግን የሚቀየር ነገር አለ። በወረቀቱ መልስ ለመገልበጥ 10 ደቂቃ ይሰጥ ነበር። በኮምፒውተሩ መጨረሻ ላይ ያለሽ 2 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እሱም ለማየት እንጂ ለመሥራት አይበቃም። 10 ደቂቃ አለኝ ብለሽ በልብሽ ይዘሽ እንዳትገቢ። በ2ቱ ደቂቃ የምታይው የቃሉን አጻጻፍ፣ የብዙ ቁጥር ምልክቷን፣ እና "ከሁለት ቃል አይብለጥ" ባለበት ሦስት አለመጻፍሽን ነው። ፊደል የተሳሳተ ቃል፣ ትርጉሙ ቢገባሽም፣ ስህተት ተብሎ ነው የሚቆጠረው።

እስከ አሁን የተለማመድሽው በወረቀት ከሆነ ዛሬውኑ አቁሚ። የኮምፒውተሩን አቀማመጥ የሚያሳዩ ነጻ መለማመጃዎች በአይልትስ አዘጋጆች ገጾች ላይ አሉ። ጽሑፍ እንዴት እንደሚቀለም፣ ሰዓቱ ስክሪኑ ላይ የት እንደሚታይ፣ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ እንዴት እንደሚዘለል እዚያ እይው። ደግሞ አንድ ቀን 250 ቃል ያለው ጽሑፍ በኪቦርድ ጻፊና ስንት ደቂቃ እንደፈጀብሽ ለኪ። ራይቲንግ ላይ ሁለቱ ጽሑፎች በአንድ ላይ 60 ደቂቃ ነው ያላቸው፤ የመጀመሪያው ቢያንስ 150 ቃል፣ ሁለተኛው ቢያንስ 250። ሁለተኛው በነጥብ የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል። የቃል ቆጠራውን ኮምፒውተሩ ያሳይሻል። ፊደል ግን አያርምልሽም፤ ስልክሽ እያረመልሽ ለምደሽ ከሆነ ተጠንቀቂ። ከሁለቱ ጽሑፎች የትኛውን ላስቀድም ካልሽ፣ የለመድሽውን። ለዚያ ቀን አዲስ ዘዴ አትፈልጊ።

ሪዲንግሽ ደህና ነው። አትንኪው።

ስለ ጠዋቱ እናውራ። አንቺ በሩ ሊዘጋ ሲል ደርሰሽ፣ ትንፋሽሽ ሳይመለስ ነው ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ ያደረግሽው። ሰውነትሽ ገና ደረጃ እየወጣ ነበር ማለት ነው። ዘግይቶ የመጣ ሰውን ላያስገቡት ይችላሉ፤ ገንዘቡም አይመለስም፣ ሰበቡም አይሰማም። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ባለው አንድ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በምትሄጂበት መጓጓዣ እስከ በሩ ድረስ ሄደሽ ተመለሽ። የፈጀብሽን ጊዜ ያዢና ግማሽ ሰዓት ጨምሪበት። ይህን የምልሽ በሩ የት እንደሆነ ስለማታውቂ አይደለም። ሁለተኛ ስትሄጂ ቦታው አዲስ አይሆንብሽም።

ፓስፖርትሽ የተመዘገብሽበት ራሱ፣ ዋናው፣ ጊዜው ያላለፈበት ይሁን። ስምሽ በኢሜይሉና በፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ዛሬ አስተያዪ። ልዩነት ካለ ዛሬ ጻፊላቸው። በር ላይ ፎቶ ይነሱሻል፤ በብዙ ማዕከል አሻራም ይወስዳሉ። ስልክ፣ ሰዓት፣ ቦርሳ ውጭ ይቀራል። የእጅ ሰዓትሽን እያየሽ ለመሥራት ከለመድሽ ከዛሬ ጀምረሽ አውልቂው። ክፍሉ ይሞቅ ይቀዝቅዝ አይታወቅምና የሚወልቅና የሚደረብ ልብስ ልበሺ።

ሊስኒንግ፣ ሪዲንግና ራይቲንጉ ያለ እረፍት ተያይዘው ነው የሚሄዱት። ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። መሃል ላይ ሽንት ቤት መሄድ ቢፈቀድልሽም ሰዓቱ አይቆምልሽም። ስለዚህ ጠዋት ሆድሽ የሚያውቀውን ብዪ፤ ውሃውን ቀስ አድርገሽ ጠጪ፤ ከመግባትሽ በፊት ባይመጣብሽም ሽንት ቤት ሂጂ።

ስትቀመጪ የመጀመሪያ ሥራሽ ማዳመጫው ነው። ድምፁን የምትሞክሪበት ጊዜ ይሰጥሻል። ቢቀንስ፣ አንድ ጆሮ ቢጠፋ፣ ቢቆራረጥ፣ እጅሽን አውጪ። "ሰው ይረበሻል" አትበይ። ተሳቅቀው ዝም ብለው ወጥተው በኋላ ያለቀሱ ሰዎች ደብዳቤ ደርሶኛል። ከክፍሉ ከወጣሽ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ደካማ ነው። የሌሎቹ ኪቦርድ ቋ ቋ ማለቱም አይቀርም፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚጽፍ አንድ ፈጣን ሰው አጠገብሽ አይጠፋም። እሱ የሚጽፈው ትክክል ይሁን አይሁን አንቺ አታውቂም። ተይው።

ስፒኪንጉ በዚያው ቀን ወይም ከዚያ በፊትና በኋላ ባለው ሳምንት ሊሆን ይችላል። ቀንና ሰዓቱን ከኢሜይሉ ላይ አረጋግጪ። ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ የራሴን ላጫውትሽ። ድሮ ስፈተን ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ አንድ ደቂቃ አስበሽ እስከ ሁለት ደቂቃ የምታወሪበት ላይ፣ ስለ አንድ ጉዞ እየተረክሁ ሞቅ ብሎኛል። ፈታኟ ድንገት አቋረጠችኝ። "አልቋል፣ ወድቄያለሁ" አልኩ በልቤ። ከዚያ በኋላ የተጠየቅሁትን በቅጡ አልሰማሁም። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሁለት ደቂቃው ሞልቶ ነበር። ሴትዮዋ ሕጉን ነው የፈጸመችው። እንዲያውም እስክትቋረጪ ማውራትሽ ጥሩ ነው፤ የሚያስቸግረው በ40 ሰከንድ ዝም ማለት ነው።

ጥያቄ ካልገባሽ እንዲደገምልሽ ጠይቂ፤ አያስቀጣም። ፈታኙ ካልሳቀልሽ አትከፊ፤ ሥራው ነው። በቃል የተጠና መልስ ግን እንዳትይዢ። ቶሎ ይታወቃል፣ ነጥብም ያስቀንሳል።

ስለ እንቅልፍ የምለው አጭር ነው። የመጨረሻዋ ሌሊት አልመጣ ሊልሽ ይችላል፤ ስለዚህ ተስፋሽን እሷ ላይ አትጣይ። ከእሷ በፊት ያሉትን ሦስት ሌሊቶች በጊዜ ተኚ። በመጨረሻዋ ምሽት ደብተሩን እራት ሳይቀርብ ዝጊው። ፓስፖርትሽን፣ ልብስሽን፣ የመጓጓዣ ገንዘብሽን አንድ ቦታ አስቀምጪና ተጋደሚ። እንቅልፍ ባይወስድሽም ተጋድመሽ ቆዪ፤ ተነስተሽ ቃላት እንዳትቆጥሪ።

አሁን ደግሞ ወንድምሽ። ቃሉን የሚልክልሽ ስለሚወድሽ ነው፤ ከገንዘቡ ሌላ የሚያግዝበት መንገድ አጥቶ ይመስለኛል። ግን በአምስት ቀን 250 አዲስ ቃል ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው። ፈተና ላይ አዲስ ቃል ለማስገባት ስትታገዪ የምታውቂው ዓረፍተ ነገር ይሰበርብሻል። "ተው" ብቻ አትበይው ግን፤ ቅር ይለዋል። ሌላ ሥራ ስጪው። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ "ወንድምዓለም፣ ቃሉ በቃኝ። የምፈልገው ሌላ ነው። በፈተናው ጠዋት እማዬም አክስቴም እንዳይደውሉ አንተ ያዝልኝ። ስጨርስ ለአንተ እደውላለሁ፣ አንተ ትነግራቸዋለህ።" ማታ "እንዴት ነበር?" ብለው ሲጠይቁሽም መልስሽ አንድ ይሁን፦ "ጨረስኩ፤ ውጤቱ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።" ከዚያ በላይ አታስረጂ። ያልመጣ ውጤት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ክርክር አትክፈቺ።

ሁለተኛ ሥራም አለው። ነገ ማታ አጠገብሽ ይቀመጥ፣ ሩቅ ከሆነም በስልክ። አንድ ርዕስ ይስጥሽ፤ አንድ ደቂቃ አስቢ፤ ከዚያ አውሪ። እሱ ሰዓት ይያዝ፤ ፊቱን ኮስተር ያድርግ፣ ጭንቅላቱን አይነቅንቅ። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ዓረፍተ ነገርሽ መሃል ላይ ብትሆኚም "ቴንክ ዩ" ብሎ ያቋርጥሽና ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይጠይቅሽ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ሁለታችሁም ትስቃላችሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሳትስቂ መልሺለት።